ከሶፉ የጎደለውን ማን ጠየቀ?

ቢስሚላህ።

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

የዛሬውን ማስታወሻ በራሴ ጥፋት ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በማስተምርበት መስጂድ ከመግሪብ እስከ ዒሻ የምንቀመጥባት አንዲት ትንሽ ደርስ ነበረችን። ከሚመጡት ልጆች አንዱ ዕድሜው አሥራ ስምንት ገደማ ነው። ቀን ቀን የታክሲ ረዳት ሆኖ ይሠራል፤ ማታ ከነድካሙ ይመጣል። ብዙ አይናገርም። ሁልጊዜ የሚቀመጠው ጫማ መደርደሪያው አጠገብ፣ ምሰሶውን ተደግፎ ነው። አንድ ቀን ሰላት ላይ ቆመን ስልኩ ጮኸ፤ ያውም በዘፈን። ሰላቱ እንዳለቀ አንድ አባት ተነሥተው በሰው ሁሉ ፊት ተቆጡት። "መስጂዱን ጭፈራ ቤት አደረጋችሁት!" አሉት። ልጁ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ኡስታዙ ነኝና አንድ ነገር እንድልለት ጠብቆ ነበር። እኔም ነገሩን ያበረድኩ መስሎኝ "አባባ ልክ ናቸው፤ ሁለተኛ እንዳይለምድህ" አልኩት። ጫማውን አንሥቶ ወጣ።

በማግስቱ አልመጣም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። "ሥራ በዝቶበት ይሆናል" አልኩ። ሳምንት አለፈ፤ ወር አለፈ። ምሰሶው ሥር ሌላ ልጅ ተቀመጠ። ሶፉ ሞላ፤ ሰው የጎደለ አይመስልም ነበር።

ሁለት ወር ሊሞላ ሲል እናቱ መስጂዱ በር ላይ ጠበቁኝ። "ኡስታዝ፣ ልጄ ከደላላ ጋር ወጣ። ጅቡቲ ደረስኩ ብሎ ደውሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ዱዓ አድርጉልኝ" አሉኝ። ቀጥለው የተናገሩትን ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም። "ከመሄዱ በፊት ማታ ማታ ቤት ነበር የሚያመሸው። ለምን መስጂድ አትሄድም ስለው 'ማን ፈልጎኝ' ይለኝ ነበር" አሉ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ልጁ የሄደው እኔ ስለተናገርኩት ነው አልልም። ድህነት አለ፤ ሥራ ማጣት አለ፤ የደላላ ሽንገላ አለ፤ ጓደኛው ከሳዑዲ የላከው ፎቶ አለ። ነገር ግን ያ ልጅ ያን ትልቅ ውሳኔ ሲወስን "ቆይ እስቲ፣ ከኡስታዙ ጋር ልማከር" የሚልበት በር ተዘግቶበት ነበር። በሩን ከዘጉት እጆች አንዱ የኔ ነው። ይህን ሐቅ መሸሽ አልችልም።

ከዚያ በኋላ የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ሲራ እንደ አዲስ መቅራት ጀመርኩ። ብዙ ጊዜ ያነበብኳቸውን ታሪኮች "እሳቸው ወጣቱን እንዴት ያዙት?" እያልኩ ደግሜ አየኋቸው። ከነዚያ ጥቂቶቹን ዛሬ ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው የአቡ መሕዙራ (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። መካ ከተከፈተች በኋላ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሑነይን ሲመለሱ፣ ሙአዚናቸው አዛን አደረገ። በአካባቢው የነበሩ ጥቂት የመካ ወጣቶች ሙአዚኑን እየተከተሉ በፌዝ ይጮሁ ጀመር። ልብ በሉ! እዚህ የጮኸው በስህተት የተረሳ ስልክ አይደለም፤ በአዛን ላይ ሆን ተብሎ የተደረገ ፌዝ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጆቹን አስጠሩ። እያንዳንዳቸው ድምፃቸውን እንዲያሰሙ አደረጉ። ከመካከላቸው ድምፁ ያማረው አቡ መሕዙራ ሆኖ ተገኘ። ሌሎቹን አሰናብተው እሱን አስቀሩት። ምን ይሉት ይመስላችኋል? አዛንን ቃል በቃል አስተማሩት። ብር ያለበት ከረጢት ሰጡት። በእጃቸው ዳበሱት፤ በረካ እንዲሆንለትም ዱዓ አደረጉለት። እሱ ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በልቡ የነበረው ጥላቻ ሁሉ እዚያው ወደ ፍቅር ተለወጠ። የመካ ሙአዚን ልሁን ብሎ ጠየቀ፤ ተፈቀደለትም።

እኛ ብንሆን ፌዙን ብቻ ነበር የምንሰማው። እሳቸው ከፌዙ ውስጥ ድምፁን ሰሙ።

ሁለተኛው የዐምር ኢብኑ ሰሊማ (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። ወገኖቹ መንገደኛ በሚያልፍበት የውኃ ዳር ይኖሩ ነበር። ይህ ትንሽ ልጅ ከሚያልፉት ሰዎች ቁርኣን እየሰማ በቃሉ ይይዝ ነበር። ወገኖቹ ሲሰልሙ፣ ከመካከላችሁ ቁርኣንን አብልጦ የያዘው ያሰግዳችሁ ተባሉ። ቢፈልጉ ከእሱ የበለጠ የያዘ አጡ። ዕድሜው ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ነበር። ትልልቆቹ ሰዎች ከኋላው ሶፍ ይዘው ቆሙ።

ታሪኩ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። ልጁ የለበሳት ልብስ አጭር ነበረች፤ ሱጁድ ሲወርድ ወደ ላይ ትሰበሰብና ገላው ይታያል። ይህን ያየች አንዲት ሴት "የአሰጋጃችሁን ገላ አትሸፍኑልንም ወይ?" የሚል መልእክት ያለው ንግግር ተናገረች። ሰዎቹም ጨርቅ ገዝተው ቀሚስ ሰፉለት። ዐምር ካደገ በኋላ ሲያወራ በዚያ ቀሚስ የተደሰተውን ያህል በምንም ነገር እንዳልተደሰተ ተናግሯል።

ሱብሓነላህ! በዚህ አጭር ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። ሰዎቹ ለልጁ ኃላፊነት ሰጡት፤ ጉድለቱ ሲታይ ደግሞ ሸፈኑለት። "ልብስ የሌለው ልጅ እንዴት ያሰግደናል?" ብለው አላወረዱትም። "ካሰገደ ይበቃል፣ ልብሱ የራሱ ጉዳይ ነው" ብለውም አልተዉትም። ዛሬ አንዳንዱ መስጂድ ወጣቱን ከነጭራሹ አያቀርብም። ሌላው ደግሞ ወጣቱን ለጉልበት ሥራ ይፈልገዋል፤ ምንጣፍ እንዲያነጥፍ፣ ወንበር እንዲሸከም፣ በረመዳን ኢፍጣር እንዲያከፋፍል ይጠራዋል። ያ ልጅ ምሳ በልቶ ይሁን አይሁን፣ የቤት ኪራይ ከፍሎ ይሁን አይሁን የሚጠይቀው ግን የለም። ሁለቱም ከዐምር ወገኖች መንገድ የራቁ ናቸው።

ሦስተኛው የኡሳማ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። እናቱ ኡሙ አይመን በረካ የኛው የሐበሻ ልጅ ናት፤ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በልጅነታቸው ያሳደገቻቸው እሷ ናት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሕይወታቸው መጨረሻ ላይ ኡሳማን የጦር መሪ አድርገው ሾሙት፤ ዕድሜው አሥራ ስምንት ገደማ ነበር። በሥሩ ከዘመቱት ውስጥ ትልልቅ ሶሓቦች ነበሩ። አንዳንድ ሰዎች በመሪነቱ ላይ ተናገሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ታመው ሳለ ይህን ሰምተው ሹመት ለእሱ የሚገባው መሆኑን በግልጽ አረጋገጡ። እሳቸው ካረፉ በኋላ ኸሊፋው አቡበክር (ረ.ዐ) ጦሩን ሲሸኙ ኡሳማ በእንስሳ ላይ ተቀምጦ፣ እሳቸው በእግራቸው ከጎኑ ይሄዱ ነበር። ዑመርን (ረ.ዐ) መዲና ላይ ማስቀረት ሲፈልጉም ትእዛዝ አልሰጡም፤ ወጣቱን አሚር አስፈቀዱት። የሙስሊሞች ሁሉ መሪ የሆኑ ሽማግሌ፣ በሰው ፊት፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ፈቃድ ጠየቁ! የሾሙትን ሰው ማክበር ማለት ይህ ነው።

ሩቅ ሳንሄድ የራሳችንን አገር ታሪክ እንይ። በ615 ገደማ በተጀመረው የሐበሻ ስደት፣ በንጉሥ ነጃሺ ፊት ቆሞ ስለ ሙስሊሞቹ የተናገረው ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ የነበረ ወጣት ነው። በዚያች ቀን የስደተኞቹ ሁሉ ዕጣ በአንድ ወጣት አንደበት ላይ ነበር። እስልምና ወደ አገራችን የገባው በወጣት አንደበት ነው ብንል አልተሳሳትንም።

አባቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። በወሎም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ደረሳ ኪታቡን ይዞ ከወላጆቹ ተለይቶ ሲሄድ፣ ቂርአቱን የሚያስቀሩት ሸይኽ አባት ይሆኑት ነበር። የአካባቢው ሰው ደግሞ ካለው ቀንሶ ያበላው ነበር። የማያውቀውን የሰው ልጅ "የኛ ደረሳ" ይለዋል። ያ ገበሬ ኪታብ አላነበበም ይሆናል፤ ነገር ግን በየቀኑ ከምጣዱ የሚያነሣው እንጀራ ዓሊም ያወጣ ነበር።

እኔም ይህን በራሴ ቀምሼዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ከአውቶቡስ የወረድኩት በማላውቀው ከተማ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ነው። ሻንጣዬን ይዤ ግራ ገብቶኝ ስቆም አንድ ልጅ መጣና "አሰላሙ ዐለይኩም፣ ፍሬሽ ነህ?" አለኝ። የሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓ አባል ነበር። ሻንጣዬን ተቀበለኝ፤ ዶርሜን አሳየኝ፤ ራት አብረን በላን፤ መስጂዱን አሳየኝ። አንድም ሙሐደራ አላደረገልኝም። ከአራት ዓመት የካምፓስ ቆይታዬ የሰማኋቸውን ብዙ ትምህርቶች ረስቻለሁ፤ ያችን ምሽት ግን አልረሳኋትም። ዛሬ ኡስታዝ ከተባልኩ አንዱ ሰበቡ ያ ሻንጣዬን የያዘልኝ ልጅ ነው።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ! አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ።

"ወጣቱ ጠፋ፣ ወጣቱ ተበላሸ" ሲባል ሁላችንም እንሰማለን። ቤቲንግ ቤት ሞልቷል፣ በርጫ ቤት ሞልቷል እንላለን። እውነት ነው፤ ቁማር ሐራም ነው፤ ሱስም ሰውን ይበላል። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፦ ያ ልጅ እዚያ ምን አገኘ? አንዳንዱ ገንዘብ ፈልጎ ነው፤ ብዙው ግን ስሙን የሚያውቅ ሰው አግኝቶ ነው። ሲገባ "አንተ፣ የት ጠፋህ?" የሚለው ሰው እዚያ አለ። በርጫ ቤት ለቀረው ልጅ የሚደወልለት፣ መስጂድ ለቀረው ልጅ ግን የማይደወልለት ከሆነ፣ ልጁን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መስጂዳቸውን ትጠርግ የነበረች ሴት ስትጠፋባቸው የት እንደሄደች ጠየቁ። ሞታለች ተባሉ። ሰዎቹ ጉዳዩን አቅልለው ስላዩት አልነገሯቸውም ነበር። እሳቸው ለምን አልነገራችሁኝም ብለው ወቀሱ፤ ከዚያም መቃብሯን አሳዩኝ ብለው ሄደው ሰገዱባት። ኡማን የሚመሩ፣ ወሕይ የሚወርድላቸው፣ ልዑካን የሚቀበሉ ነቢይ መጥረጊያ የያዘችዋን ሴት መጉደል አስተዋሉ። እኛ ስንት ሥራ ቢኖረን ነው የጎደለውን ወንድማችንን የማናስተውለው?

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ጽሑፍ ይዛችሁ እንድትሄዱ የምፈልገው ጥቂት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ሦስት ስም ያዙ። በሰፈራችሁ፣ በካምፓሳችሁ ወይም በሥራ ቦታችሁ ካሉ ታናናሾቻችሁ ሦስቱን ምረጡ። ሰላት ላይ ሲጠፉ ደውሉ። ስትደውሉ "ለምን አልመጣህም?" አትበሉ፤ "ደህና ነህ ወይ?" በሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ ፍርድ ቤት ያቆመዋል፤ ሁለተኛው ቤቱ ይመልሰዋል።

ሁለተኛ፣ የሰውን ስህተት በሰው ፊት አታርሙ። አንድ ወጣት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መጥቶ ዝሙትን እንዲፈቅዱለት በጠየቀ ጊዜ ሰዎች ጮኹበት። እሳቸው ግን ወደ እሳቸው አስጠጉት፤ አስቀመጡት፤ ለእናትህ ትወደዋለህን፣ ለእህትህ ትወደዋለህን እያሉ በራሱ ልብ አስመሰከሩት። ከዚያ እጃቸውን አሳርፈውበት ዱዓ አደረጉለት። ሐራሙን ሐላል አላደረጉለትም፤ ልጁንም አላጡትም።

ሦስተኛ፣ አማና ስጡ። መስጂድ ውስጥ ኃላፊነት ያላችሁ ካላችሁ፣ ለታናሾቻችሁ እውነተኛ ሥራ ስጧቸው። የድምፅ ማጉያውን ይያዝ፤ የሰደቃውን ሂሳብ ይጻፍ፤ የሕፃናቱን ደርስ ያስተምር፤ በስብሰባ ላይ ሐሳቡ ይጠየቅ። ዑመር (ረ.ዐ) ወጣቱን ኢብኑ ዐባስን ከበድር ሽማግሌዎች ጋር ያስቀምጡት ነበር፤ ሰዎች "የሱ እኩያ ልጆች አሉን" ብለው ቢያጉረመርሙም አላስነሡትም። ሲሳሳት ደግሞ እንደ ዐምር ወገኖች ሸፍኑለት።

አራተኛ፣ እንጀራውን አትርሱ። "አላህ ይርዳህ" ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነጋዴ ከሆንክ አንድ ልጅ ሱቅህ ውስጥ አሠልጥን። ተመርቀህ ሥራ ከያዝክ ለታናሽህ የሥራ ማመልከቻ አብረኸው ጻፍለት፤ ሥራ ሲወጣ ንገረው። የዘካ ገንዘብ የምታከፋፍሉ ሰዎች ደግሞ የሚገባው ችግረኛ ልጅ ስታገኙ የቀን ወጪውን ብቻ ከመስጠት፣ የሚሠራበትን ዕቃ ስለመግዛት ከዓሊሞቻችሁ ጋር ተማከሩ። የደላላን ምላስ በሙሐደራ ብቻ አናሸንፈውም።

አምስተኛ፣ እህቶቻችንን አንርሳ። ብዙ ቦታ የሴቶቹ ክፍል ጠባብ ነው፤ ድምፁ አይሰማም፤ ጥያቄያቸውን የሚቀበል የለም። ወንዱ ሲጠፋ ቢያንስ ቦታው ባዶ ሆኖ ይታያል፤ እህታችን ስትጠፋ ግን ማን ያያል? አረብ አገር የሄደችው እህታችን ከመሄዷ በፊት ማን አማከራት? ከተመለሰችስ በኋላ ማን ተቀበላት? እህቶቼ፣ ይህን በር እናንተ ናችሁ ቀድማችሁ የምትከፍቱት፤ እኛም ቁልፉን ልንሰጣችሁ ግዴታችን ነው።

አሁን ደግሞ በመስጂድ ውስጥ በሰው ንግግር ልብህ ለተሰበረ ወንድሜ፣ ልብሽ ለተሰበረ እህቴ አንድ ቃል ልበል። ሐቅ አላችሁ፤ አዝኛለሁ። ነገር ግን ቤቱ የአላህ ነው፤ የተቆጣህ ሰው ቤት አይደለም። በአንድ ሰው ምላስ ምክንያት ከጌታህ ቤት አትቅር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለታናሽ ማዘንንና የታላቅን ክብር ማወቅን በአንድ ንግግር ነው ያቆራኙት፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል አይቻልም። እነዚያ አባት ያንን መስጂድ በችግር ጊዜ ድንጋይ ተሸክመው የሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ቁጣቸው ስህተት ነው፤ ልፋታቸው ግን ሐቅ አለው። ደግሞም አንተ ለእሳቸው ታናሽ ብትሆን፣ ከኋላህ ለቆመው የአሥር ዓመት ልጅ ታላቅ ነህ። እሱ ዛሬ አንተን እያየ ነው።

የዚያን ልጅ መጨረሻ ሳልነግራችሁ አልጨርስም። አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለ። ባሕሩን ተሻግሮ፣ ብዙ መከራ አይቶ፣ ሳዑዲ ላይ ታስሮ ከብዙ ወራት በኋላ ወደ አገሩ ተመለሰ። መመለሱን ስሰማ ቤቱ ሄድኩ። ከስቶ አላወቅኩትም። "አፉ በለኝ" አልኩት። "ምን አደረግከኝ ኡስታዝ?" አለኝ። "አልጠየቅኩህም" አልኩት። ዝም አለ።

የተቆጣነው በሰው ፊት ነበርና ይቅርታውንም በሰው ፊት ማድረግ እንዳለብን ተሰማኝ። ወደ ደርሱ በተመለሰ ቀን ጥፋቴን በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት ተናገርኩ። እነዚያም አባት ተነሥተው "ልጄ፣ እኔንም አፉ በለኝ" አሉት። ሁሉም ጸጥ አለ። ልጁ ትንሽ ቆየና "አባባ፣ ስልኬን አጥፍቻለሁ" አለ። መስጂዱ በሳቅ ሞላ፤ አባባ ግን እያለቀሱ ነበር።

ዛሬም ቋሚ ሥራ የለውም። የመሄድ ሐሳብ አንዳንድ ጊዜ እንደሚመጣበት ይነግረኛል። ግን አሁን ይነግረኛል! የደርሱን ስም ዝርዝር የያዘው እሱ ነው። ሐሙስ ማታ የቀሩትን ልጆች አንድ በአንድ ይደውልላቸዋል። ሲደውል ሰምቼዋለሁ፤ "ለምን ቀረህ?" አይልም። "ደህና ነህ ወይ? ቦታህን ይዘንልሃል" ነው የሚለው።

ወንድሜ፣ እህቴ! ዛሬ ጁሙዓ ሰግዳችሁ ስታሰላምቱ ቀኝና ግራችሁን በደንብ እዩ። ያለውን ብቻ አትዩ፤ የሌለውን አስታውሱ። ከመስጂዱ ወጥታችሁ ጫማችሁን ሳታጠልቁ አንድ ስልክ ደውሉ። ምናልባት ያች አንድ ደቂቃ የአንድን እናት ልጅ ከባሕር ታስቀራለች።

ያ አላህ! ወጣቶቻችንን ጠብቅልን። በስደት መንገድ ላይ ያሉትን በሰላም ለእናቶቻቸው መልስልን። በሱስና በቁማር የተያዙትን ፍታልን። ልጆቻቸውን በባሕርና በበረሃ ላጡ ወላጆች ሶብር ስጥልን። አባቶቻችንን ዕድሜና ጤና ስጥልን፤ ለታናሾቻቸውም ልባቸውን አራራልን። ወንድማችን ሲጎድል የምናስተውል፣ ሲሳሳት የምንሸፍን፣ ሲመለስ የምንቀበል አድርገን። አሚን።

ሱረቱል ከህፍን መቅራትና በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛትን አትርሱ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።